ስም የሌለው ስጦታ የማን ነው?

በ2014 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ፣ ከአንድ የወጣቶች ክበብ አጠገብ ባለ በር ላይ ማን እንደሣለው ያልታየ ሥዕል ተገኘ። ወንድና ሴት ተቃቅፈዋል፤ የሁለቱም ዓይን ግን በእጃቸው ባለው ሞባይል ላይ ነው። ሠዓሊው ባንክሲ ነበር፤ እውነተኛ ስሙን ደብቆ በየግድግዳው የሚሥል፣ ሥራውንም በዚያችው ከተማ የጀመረ።

ክበቡ ገንዘብ አጥሮት ስለነበር ሥዕሉን ከነጣውላው ነቅለው አስገቡት። የከተማው አስተዳደር ግን ንብረቱ የእኔ ነው አለ። ክርክሩን የፈታው ከራሱ ከሠዓሊው የመጣ ደብዳቤ ነው፤ ሥዕሉ ለክበቡ እንዲሆን ፈቀደ። በ403,000 ፓውንድም ተሸጠ።

ወንጌል ምጽዋት በስውር ይሁን ይላል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው ሊቅ ማይሞኒደስም ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ሲከፍል፣ ሰጪና ተቀባይ የማይተዋወቁበትን ከላይ ሁለተኛ አድርጎታል፤ የሚበልጠው ችግረኛው ራሱን እንዲችል ማቋቋም ብቻ ነው። በዚህ ሚዛን ባንክሲ የት ይቆማል? ፊቱ ተሰውሯል፤ የብዕር ስሙ ግን ዓለም ያውቀዋል፤ ያን ሁሉ ገንዘብ ያመጣውም ይኸው ስም ነው። ያንኑ ሥዕል አንድ የሰፈሩ ጎረምሳ ቢሥለው ኖሮ፣ ምናልባት ሳይውል ሳያድር በቀለም በጠፋ ነበር።

ያም ሆኖ ደብዳቤው ትልቅ ነገር ነው። ስጦታው ሊነጠቅ ሲል ሰጪው ዝም ካለ፣ ስውርነቱ ለተቀባዩ ምን ይረባዋል? የሚያሳዝነው ሌላ ነው፦ ገዢው የግል ሰብሳቢ በመሆኑ፣ በዚያ በር የሚያልፉ የብሪስቶል ሰዎች ሥዕሉን በነጻ የሚያዩበት ዕድል አልቀረላቸውም።