በሰው አገር የሚያገለግል ሰው ናፍቆትና ሰንበቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በኋለኛይቱ ቀን የሚጠይቀንን ነገር አስቀድሞ ሲያስታውቀን፥ እንግድነትን ከረኃብ፥ ከጥም፥ ከእርዛት፥ ከደዌና ከእስራት ጋራ በአንድነት ቈጥሮታል (ማቴ. 25፥35-36)። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሳንመረምረው እናልፈዋለን። የተራበ በፊቱ ይታወቃል፤ የታረዘ በአካሉ ይታወቃል፤ ነገር ግን ቤት የተሰጠው፥ ቀለብ የተቈረጠለት፥ ጤናም ያለው እንግዳ ምን ጐድሎት ነው ከእነዚህ ጋራ የተቈጠረው?

በከተማችን በጎንደር በበጎ ፈቃዱ ያስተምር የነበረ አንድ የሩቅ አገር ጐልማሳ ነበረ። በአገራችን የከበደው ምን እንደ ሆነ በጠየቅነው ጊዜ ስለ በርበሬው ወይም ስለ ቁንጫው ይነግረናል ብለን ጠብቀን ነበር። እርሱ ግን፥ የሚከብደኝ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎ መለሰልን። ነገሩን ባስተዋልነው ጊዜ እውነት ሆኖ አገኘነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራው ይይዘዋል፤ ተማሪዎቹም ይከቡታል። እሑድ ግን ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሁሉ ወደ ዘመዱ ሲገባ፥ በአጥር ማዶ ቡናው ሲወቀጥ፥ ዕጣኑም ሲሸት፥ ሕፃኑ ጎረቤቱን ለቡና ሊጠራ ይላካል፤ የእንግዳውንም በር አልፎት ይሄዳል። የሚያልፈውም እንግዳውን ስለ ናቅነው አይደለም፤ የተማረ ሰው ነው፥ የእኛን ስኒ ምን ብሎ ይጠጣል ስለምንል ነው። እንግዲህ አክብሮታችን ራሱ አጥር ሆነበት ማለት ነው።

እንዲህ ያለው እንግዳ ለጎንደር አዲስ አይደለም። በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በከተማችን ሲቋቋም፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሐኪሞችና መምህራን ልጆቻችንን አስተምረዋል። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመንም የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ሦስት መቶ ያህል ሆነው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር፤ ከእነርሱም የሚበዙት በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሪዎች ሆኑ። ያ ሥራ በ1969 ዓ.ም. ተቋረጠ፤ ከዚያም ወዲህ ሲጀመርና ሲቋረጥ ኖሯል። የገዛ ልጆቻችንም ቢሆኑ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ አንድ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ በደባርቅ ብርድ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሲያድር እንግድነቱ ከባሕር ማዶው ሰው እምብዛም አያንስም።

እነዚህ እንግዶች ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ ከከተማ መውጣት ይወዳሉ። ወይ ወደ ጎርጎራ ወርደው ጣናን ያያሉ፤ ወይም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ይወጣሉ። በዚያም ዋልያውን በገደሉ ላይ፥ ጭላዳውን በመስኩ ላይ ያያሉ፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ራስ ዳሽንን ይመለከታሉ። (ማሕሌታዊው ቅዱስ ያሬድ የኋለኛውን ዘመኑን በዚያ ደጋ እንደ ፈጸመ አባቶቻችን ያስተምሩናል፤ ይህን ግን ለእንግዳው የሚነግረው ሰው ጥቂት ነው።) ከእኛም ወገን አንዳንዶች ይህን አይተው፥ ሰውየው አገር ሊያይ መጣ እንጂ ሊያገለግል አልመጣም እያሉ ሲያሙት ሰምተናል። እኛ በዚህ አንስማማም።

ሐዋርያት ከተላኩበት ተመልሰው ያደረጉትን ሁሉ ለጌታ በነገሩት ጊዜ፥ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ አጥተው ነበርና፥ ከሕዝቡ ተለይተው ጥቂት እንዲያርፉ ወደ ምድረ በዳ ወሰዳቸው (ማር. 6፥30-34)። እንግዲህ የደከመ አገልጋይ ወደ ተራራ ቢወጣ ምን በደል አለበት? ነገር ግን የወንጌሉ ታሪክ በዚያ አያልቅም። ከታንኳው ሲወርዱ ሕዝቡ በእግር ቀድሟቸው ተገኘ፤ ጌታም ዛሬ የዕረፍታችን ቀን ነው ብሎ አልመለሳቸውም፤ አዘነላቸው እንጂ። ወደ ሰሜን ለሚወጣው ወንድማችንም የምንለው ይህንኑ ነው። በዚያ ተራራ ላይ ዋልያ ብቻ አይኖርም፤ በቁልቁለቱ ላይ ገብስ የሚዘራ ገበሬ አለ፤ በብርድ በጎቹን የሚጠብቅ እረኛ አለ። እነርሱን ያየ ሰው ሰኞ ሲመለስ የተማሪዎቹን ቤት ዐውቆ ይመለሳል። ናፍቆቱን ሊሸሽ ብቻ የወጣ ግን ናፍቆቱን እሑድ ማታ በአልጋው ላይ ቈይቶ ያገኘዋል።

ናፍቆት ራሱስ ኃጢአት ነውን? ስለዚህ ነገር የሁለቱን የጢሮስ ወንድማማቾች የፍሬምናጦስንና የኤዴስዮስን ታሪክ ማስታወስ ይገባናል። ሁለቱም ሕፃናት ሳሉ ወደ አገራችን ደርሰው በአክሱም ቤተ መንግሥት አደጉ፤ በታማኝነትም አገለገሉ። ወደ አገራቸው ለመመለስ በተፈቀደላቸው ጊዜ ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ሊያይ ወደ ጢሮስ ፈጥኖ ሄደ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለክርስቲያኖቹ ጳጳስ እንዲላክ ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ፤ አትናቴዎስም ራሱን ሾሞ መለሰው። እርሱም አባታችን ከሣቴ ብርሃን ሰላማ ነው። ፍሬምናጦስን ማመስገን የታወቀ ነው፤ ኤዴስዮስን ግን ልንነቅፈው አንደፍርም። በጢሮስ ቅስናን ተቀብሎ ኖረ፤ ታሪክ ጸሓፊው ሩፊኖስም ይህን ሁሉ ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ እንደ ሰማ መስክሯል። አንደኛው ባይመለስ ወንጌል ባልሰፋልን፤ ሁለተኛውም አገሩን ናፍቆ ባይሄድ ታሪኩ እንዲህ ተጽፎ ባልቈየን ነበር።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ጦርነት፥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻም ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ምክንያት፥ የሩቅ እንግዳ እግር ወደ ጎንደር እጅግ ቀጥኗል። ይልቁንም የእኛ ሴቶች ልጆች በቤይሩትና በሪያድ በሰው ቤት ተቀምጠው የደመራንና የጥምቀትን ቀን በጣታቸው ይቈጥራሉ። በዚያ አንዲት ሴት በር ከፍታ ስማቸውን ብትጠራቸው እንዴት ደስ ይለን ነበር! እስራኤልም በግብፅ ስደተኞች ስለ ነበሩ ስደተኛውን እንዲወድዱ ታዝዘዋል (ዘሌ. 19፥34)።

ደግሞም የባሕር ማዶውን እንግዳ ስናስብ በደጃችን የቆመውን መርሳት የለብንም። ከጎጃም፥ ከወሎ፥ ከሸዋ ተነሥቶ አቋቋም ሊማር ወደ በአታ የመጣው የቆሎ ተማሪ፥ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ በእመቤታችን ስም ሲለምን፥ ውሻችንን ሳንይዝለት የቀረንበት ጊዜ ብዙ ነው። እርሱ ተራራ የሚያይበት ቅዳሜና እሑድ የለውም፤ ሌሊቱን በማሕሌት ቆሞ ያድራል። እናቱን ግን እንደ ማንም ልጅ ይናፍቃታል። ለፈረንጁ ቡና አፍልቶ ለእርሱ ውሻ መልቀቅ እንግዳ መቀበል አይባልም፤ ባዕድ የሆነውን ነገር መውደድ ነው እንጂ።

ጌታችንም በኢየሩሳሌም ሲያስተምር ውሎ ሲመሽ ወደ ቢታንያ ይወጣ ነበር። ለሰው ልጅ ማረፊያ ካልነበረው፥ የማርያምና የማርታ ቤት ምን ያህል ክብር እንዳገኘ እናስብ። በየደብሩ ያለው የሰንበቴ ቤታችንም እንዲህ ያለ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ዳቦውና ጠላው አስቀድሞ ተዘጋጅቷልና አዲስ ወጪ የለበትም።

ከላይ የጠቀስነውን አስተማሪ አንድ እሑድ ወደ ሰንበቴ ጠራነው፤ ከአንድ የአቋቋም ተማሪም አጠገብ አስቀመጥነው። አማርኛው ጥቂት ነበር፤ ተማሪውም ከግእዝና ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም ነበር፤ ሆኖም ዳቦውን ተካፍለው ሲሳሳቁ አየን። የማኅበሩ ሙሴ ለጸሎት ሲነሡ የሁለቱንም እናቶች ስም ጠየቁ። የተማሪው እናት ስም ቀላል ነበረ። እንግዳው ግን የእናቱን ስም ሦስት ጊዜ ደጋገመላቸው፤ ሙሴውም እስከ መጨረሻው አጣመው ጠሯት፤ እርሱም አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ።