ቀለምና ሐቅ በእንጨት ሥራ

በእንጨት ሥራ ውስጥ መጋዝና መላጊያ የማይፈቱት አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። ለመኖሪያ ቤቱ የመጻሕፍት መደርደሪያ የሚሠራ ሰው ለፊት ገጽታው የሚበቃ ጥቂት የዋንዛ ጣውላ ቢኖረውና የቀረውን በፈረንጅ ጥድ ለማሟላት ቢገደድ፣ ነጣ ያለውን ጥድ ቀብቶ ዋንዛ ማስመሰሉ ጥበብ ነው ወይስ ማታለል?

መልሱን ከመሻት በፊት የእንጨቱን ተፈጥሮ መመርመር ይገባል። ዋንዛ ውሃ የሚያመላልሱ ቀዳዳዎች ያሉት እንጨት በመሆኑ የማቅለሚያው ደቃቅ በነዚሁ ቀዳዳዎች ውስጥ ያርፋል። የፈረንጅ ጥድ ግን እንደ ዝግባና እንደ አገሬው ጥድ ሁሉ እነዚህ ቀዳዳዎች የሉትም፤ ለስላሳው ክፍሉ ቀለሙን አብዝቶ ሲመጥ ጠንካራው ክፍሉ ጥቂት ብቻ ይቀበላል። በዚህም የተነሣ ያው አንድ ቀለም በአንዱ ላይ ወጥ፣ በሌላው ላይ ዝንጉርጉር ሆኖ ይታያል። የጠቆረውን ማንጣት አስቸጋሪ ስለሆነ ልምድ ያለው ሠሪ ነጩን ወደ ጠይሙ ያስጠጋል። አስቀድሞ ከዚያው ጣውላ በተረፈ ቁራጭ ላይ ይሞክራል፤ ጥዱን በቀጠነ ቫርኒሽ ቀብቶ ካደረቀ በኋላ ማቅለሚያውን በስሱ ይደራርባል፤ ውጤቱንም በቀን ብርሃንና በመብራት ያስተያያል።

እንግሊዛዊው ሐያሲ ጆን ረስኪን በ1849 እ.ኤ.አ. ስለ ሥነ ሕንፃ ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድን ቁስ ሌላ አስመስሎ መቀባትን ከሐሰት ቈጥሮታል። ክርክሩ ክብደት አለው። ዳሩ ግን እስከ መጨረሻው ከተከተሉት፣ ዓይን በአንድ ዕቃ ላይ ኅብረትን መሻቷ ራሱ ጥፋት ሊሆን ነው። የቅርሶችን ጥገና የሚመለከተው የ1964 እ.ኤ.አ. የቬኒስ ቻርተር የተሻለ ሚዛን ያቀርባል። በጎደለው ፈንታ የሚተካው ክፍል ከጠቅላላው ጋር መስማማት፣ ከነባሩም ተለይቶ መታወቅ አለበት ይላል። መስማማትና ራስን መካድ እንግዲህ የተለያዩ ናቸው።

በቤት ሥራ ገዥ ስለሌለ ተታላይም የለም የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ አስተሳሰብ ዕቃ ከሠሪው በላይ ሊኖር እንደሚችል ይዘነጋል፤ ነገ የሚወርሰው፣ የሚጠግነው ወይም የሚሸጠው ሰው አለ። ደግሞም ማቅለሚያው በፀሐይ ብርሃን ይደበዝዛል፤ ሁለቱ እንጨቶችም በየራሳቸው መንገድ ይለወጣሉ። ዛሬ የተመሳሰለው ነገ ይለያያል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ!

ሰው የሚደብቀው የሚያፍርበትን ነው። በፈረንጅ ጥድ መሥራት ግን የሚያሳፍር ነገር የለውም። በኢትዮጵያ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች መካከል አስቀምጦት ነበር። በጥቂት ዋንዛ ተጠቅሞ የቀረውን በተተከለ ጥድ የሚያሟላ ሠሪ ለደኑ አስቧል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ቀለም መኖር አለመኖሩ ሳይሆን ቀለሙ የተቀባበት ዓላማ ነው። የመደርደሪያው ጀርባና የመሳቢያው ውስጥ ሳይቀባ ከተተወ፣ የጠየቀ ሁሉ ጥዱን ያገኘዋል፤ ፊቱን ያየም በኅብረቱ ይደሰታል። ያንኑ ዕቃ ሙሉ በሙሉ ዋንዛ ነው ብሎ የሚያስረክብ ሰው ግን፣ እጁ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ ሥራውን በሐሰት ጨርሶታል።