ብቻውን የሚጫወት ሰው ዳኛው ማነው?

ሁለት ሰዎች ሲጫወቱ ማታለል ነውር መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ የሚታለለው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦአልና። ተጫዋቹ አንድ ብቻ ሲሆን ግን፣ ባላጋራም ዳኛም ተመልካችም በሌለበት ስፍራ ሕጉን ቢያፈርስ ማንን በደለ ይባላል? ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቀው አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአቅራቢያዋም ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ተዘርግቶአል። በዚያ ሜዳ ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ እናስብ። ጓደኞቹ ገበያ ሄደዋል። እርሱ መሬቱን ምሶ የገበጣ ጉድጓዶች ያበጃል፤ ጠጠሩን አካፍሎም በቀኝ እጁ ለአንዱ፣ በግራ እጁ ለሌላው ይጫወታል። ገበጣን ባገራችን አንዳንዱ በሁለት ረድፍ፣ አንዳንዱ በሦስት ረድፍ ስለሚጫወተው የዚህን ልጅ ሕግ ለራሱ እንተውለት። ብቻውንም ስለሆነ ቀኝ እጁን ብዙ ከብት ያለው ባላባት፣ ግራ እጁን ከወንዝ ማዶ የመጣ እንግዳ አድርጎ ያነጋግራቸዋል፤ ያጣላቸዋልም። ልቡ ለእንግዳው ያደላል። እንግዳው ግን በመጨረሻው ጠጠር ሊሸነፍ ሆነ። ልጁ ዙሪያውን ቢመለከት ከላሞቹ በቀር ማንም የለም። ጠጠሩን ወደ ኋላ ይመልሰው ወይስ አይመልሰው?

ይህ ፈተና የእረኛ ብቻ አይደለም። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ አሳተሙ። ተጫዋቾቹ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡና አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ አስማተኛ ሆኖ በልብ ወለድ አገር ይጓዛሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ መሪ ሆኖ የሚገጥማቸውን ይነግራቸዋል፤ ይዳኛቸዋልም። ጓደኛ ያጣ ሰውስ? ጋይጋክስ ራሱ በ1975 ብቻን ለመጫወት የሚያገለግል መመሪያ አወጣ፤ በሚከተለውም ዓመት ሪክ ሉሚስ የተባለ ሰው አንባቢ ብቻውን እየመረጠ ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ የሚሻገርበትን «ባፋሎ ካስል» የሚባል መጽሐፍ ጨመረ። ዛሬም ወረቀትና እርሳስ ይዘው ብቻቸውን የሚጫወቱ አሉ። «በሩ ተቈልፎአልን?» ብለው ይጠይቁና ዳይስ የሚባለውን ቍጥር ያለበት ጠጠር ይጥላሉ፤ የወጣው ቍጥር አዎን ወይም አይደለም ብሎ ይመልስላቸዋል። እንግዲህ የመሪው ሥራ ለጠጠር ተሰጠ ማለት ነው። ጠጠር ግን ተቈጥቶ «ያልሁህን ተቀበል» ሊል አይችልም፤ ተጫዋቹ መልሱን ካልወደደው አንሥቶ እንደገና ይጥለዋል።

ጨዋታ ሁሉ ደግሞ ብቻን አይሆንም። በከሚሴ ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ እንቆቅልሽ በአማርኛ አለ፣ ሂቦ የሚባለውም በኦሮምኛ አለ። መልሱን ያጣ ሰው አገር ይሰጣል። ይህን ጨዋታ ማንም ብቻውን ሊጫወተው አይችልም፤ ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋልና። ለራሱ አገር ሰጥቶ ከራሱ አገር የሚቀበል ሰው ምን አተረፈ? ከዚህ እንደምረዳው፣ ጨዋታ ያለ ሁለተኛ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ለተጫዋቹ ምኞት የማይታዘዝ አንድ ነገር ከሌለ ግን ሊኖር አይችልም። ጠጠሩን ወደ ኋላ የመለሰ ልጅ ያንን ነገር አጥፍቶታል። እንግዳው አሸነፈ ቢልም፣ ማሸነፍ የሚባለው ነገር ከጉድጓዶቹ መካከል ጠፍቶአል።

ቶማስ ሆብስ የተባለው የእንግሊዝ ፈላስፋ በ1651 ባሳተመው «ሌቪያታን» በተባለው መጽሐፉ፣ ከራሱ በቀር ሌላ ያላሰረው ሰው በፈለገ ጊዜ ሊፈታ ስለሚችል እንደ ታሰረ አይቈጠርም ሲል ይከራከራል። ይህን የተናገረው ስለ ገዢዎች ሥልጣን ነው፤ ለእረኛችን ግን ከገዢዎቹ ይልቅ የሚስማማው ይመስለኛል። መፍታትስ ይችላል፤ ይሁን እንጂ የሚፈታበት ጊዜ ይለያል። ልጁ ገና ጠጠር ሳያነሣ «ግራ እጄ ደካማ ስለሆነች ሁለት ጠጠር ይጨመርላት» ቢል ሕግ አውጥቶአልና መብቱ ነው። መጨረሻውን ካየ በኋላ ቢለው ግን ምኞቱን ሕግ ብሎ ሰየመው እንጂ ሕግ አላወጣም። ሰልችቶት ጉድጓዱን ደፍኖ ቢነሣም የሚወቅሰው ሰው ሊኖር አይገባም። አንዳንድ ጨካኝ መካሪዎች መተውንና ማታለልን አንድ አድርገው ወጣቶችን ያስጨንቃሉ፤ እኔ በዚህ ከእነርሱ ጋር አልስማማም።

በባቲ የሰኞ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በሚገናኙበት ስፍራ ነጋዴውን ብዙ ዓይን ይጠብቀዋል፤ እዚያ ቅን ለመሆን ብዙ ረዳት አለ። ማታ ብቻውን መጽሐፍ ዘርግቶ የተቀመጠ ተማሪ ግን እንዲህ ያለ ረዳት የለውም። የሒሳቡ መልስ በመጽሐፉ መጨረሻ ታትሞአል። ገልጦ ያይና «እኔም ይህንኑ ልል ነበር» ይላል። ከማንም አልሰረቀም፤ ማንንም አልዋሸም። ነገር ግን የሚያውቀውን ከማያውቀው የሚለይበትን መንገድ በገዛ እጁ ዘጋው። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ይህ ልጅ በፈተና ቀን የሚደነግጠው ጥያቄው ስለ ከበደው ብቻ እንዳይመስልህ፤ አለማወቁን የሚሰማው በዚያን ቀን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳቤን ሰምቶ በጣም ተቃወመኝ። «የልጁ ሕልም የራሱ ገንዘብ ነው፤ ለእንግዳው ድል ቢሰጠው ምን አለበት? ተረት ተራቾችስ የሚያደርጉት ይህንኑ አይደለምን?» አለኝ። ተረት መተረትማ ይችላል ብዬ መለስሁለት፤ ጠጠሩን ይተወውና እንግዳው እንዴት ድል እንዳደረገ ለላሞቹ ያውራላቸው፤ ድሉን የሰጠው ጠጠሩ ነው እንዳይል ብቻ። ወዳጄ አሁንም አልተረታም። ልጁ ጠጠሩን ሲመልስ ደስ ይለዋልና ይበቃዋል ይላል። ስለ ደስታው አልተከራከርሁትም፤ በማግሥቱ ልጁ ያንኑ ጨዋታ ለመጫወት ይቀመጥ እንደ ሆነ ግን ጠየቅሁት።