ያየ ሰው ዕዳ

ለመሆኑ አደን የሚጀምረው መቼ ነው? ጥይት ሲተኮስ ነው ወይስ ዓይን ወፊቱን ለይቶ ሲይዝ? ጥያቄው የአዳኞች ብቻ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን የሁላችንም ነው ባይ ነኝ።

ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው የዘንገና ሐይቅ ዙሪያውን ደን ከብቦታል፤ ከደኑ ወዲህ ማሳው ይጀምራል። እንዲህ ባለ የደጋ ስፍራ ማልዶ ጆሮውን የጣለ ሰው ቆቅ ጎህ ሲቀድ የት እንደምትጮኽ፣ በየትኛው ቁጥቋጦ ሥር አፈር ጭራ ፍሬ እንደምትለቅም በጥቂት ቀናት ይለያል። ጎጆዋ መሬት ላይ ነውና እንቁላሏም አይሰወረውም። ይህን ሁሉ ሲያውቅ እጁ ባዶ ነው። አንዲት ላባ አልነቀለም። ታዲያ ከደሙ ንጹሕ ነው?

ቋንቋችን ንቁውን ሰው «ቆቅ ነው» ይለዋል። ስፔናዊው ፈላስፋ ሆሴ ኦርቴጋ ኢ ጋሴት በ1942 እ.ኤ.አ. ስለ አደን በጻፈው ድርሰት ደግሞ ንቃትን ለአዳኙ ሰጥቶታል። እኔ ግን ልዩነት ይታየኛል። ቆቅ የምትነቃው ለነፍሷ ነው፤ ሰው ባወቀው ነገር ሊገድልም ሊጠብቅም ይችላል።

በአሜሪካ አዳኞች የጸደይ አደን ሳይከፈት ጫካ ገብተው የዱር ተርኪ አውራ ከየትኛው ዛፍ ላይ እንደሚጮኽ ያዳምጣሉ። ይህች ትልቅ ወፍ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ልትጠፋ ተቃርባ ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የጠመንጃና የጥይት ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ደነገገ፤ ወፎቹም በመረብ እየተያዙ ወደ ጠፉባቸው ደኖች ተወሰዱ። ዛሬ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ሊገድሏት የሚመኙ ሰዎች ገንዘብ ነፍሷን አተረፈ ማለት ነው።

በእኛም አገር በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ይሁንና ሕግ በየቁጥቋጦው ዘበኛ አያቆምም። ክርክሩን ጠመንጃው ላይ ብቻ ማድረግም «ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ» ይሆናል፤ ቁም ነገሩ ያለው ከዚያ በፊት፣ ሰው ብቻውን ቆሞ በሚያይባት ማለዳ ነው።

ዘሩን ቆቅ ጭራ የለቀመችበት ገበሬ ወጥመድ ቢያጠምድ እኛ ከተሜዎች ለመፍረድ እንቸኩላለን። እርሱ ግን የሚይዛትን ወፍ መዋያዋንና ማደሪያዋን ያውቃል። እኛ ለበዓል የምናርዳትን ዶሮ ከገበያ እስከ ድስት ስንት ደቂቃ አየናት? አለማየት ንጽሕና አይደለም፤ ከዕዳ መሸሽ ነው።

እንግዲህ በበኩሌ የምለው ይህን ነው። ማየት ዕዳ ያመጣል። እንቁላል የታቀፈችበትን ስፍራ ያየ ሰው እዚያ ወጥመድ አይጣል፤ ጫጩት የምትመራውን ያየ ይለፋት፤ መንጋው መሳሳቱን ያየ ደግሞ ወጥመዱን ይፍታ። ማንም አያመሰግነውም፤ ቆቋም አታውቅለትም። ከእርሱ በቀር ያየውን የሚያውቅ የለምና ዳኝነቱም የራሱ ነው።