ሶብር በጀመዓ



ሲጋራ የለመደ ወንድማችን በረመዳን ከፈጅር እስከ መግሪብ 13 ሰዓት ያህል ሳያጨስ ይውላል። አዛን ሲሰማ ግን ቴምሩን ቀምሶ ወደ ሲጋራው ይሮጣል። ቀን የቻለውን ማታ ምን አሳጣው? ቀን አብረውት የጾሙ ብዙ ናቸው፤ ማታ ከሱሱ ጋር ብቻውን ነው።

ሱረቱል ዐስር ከኪሳራ የሚድኑትን ስትገልጽ በሶብር አደራ የሚባባሉትን ትጠቅሳለች። እንግዲህ ሶብር የብቻ ሸክም አይደለም ማለት ነው።

ዛሬ አንዳንድ ወጣቶቻችን «ይሄ እንኳ ሲጋራ አይደለም» እያሉ ቬፕ ይስባሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሽያጩን ከልክሏል። ሽታው የፍራፍሬ ቢሆንም በአብዛኛው ውስጡ ያለው ያው ኒኮቲን ነው፤ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ላቆመ ሰው የመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅግ ይከብዳሉ፤ በሳምንታት ውስጥ ግን ይቀላል። ድንገት የሚነሳው አምሮትም ደቂቃዎች ቆይቶ ያልፋል።

ታዲያ እነዚያን ደቂቃዎች ከማን ጋር ይለፋቸው? «ሸተትከን» ብለን ከሶፍ ካራቅነው የሚቀበለው የሱስ ጓደኛው ነው። ይልቅስ ለማቆም የነየቱ ወንድሞች ሁለት ሦስት ሆነው ይያያዙ። አንዱን ሲያምረው ለሌላው ይደውል። ከዒሻ በኋላ አብረው ይቀመጡ። ሐኪም ዘንድም አብረው ይሂዱ። ተሸንፎ ያጨሰውን አያሳፍሩት፤ «ተነስ፣ ከዛሬ እንጀምር» ይበሉት።

ነፍስ አማና ናት፤ የወንድማችንም ነፍስ እንዲሁ። አላህ ያግዘን!