«ቢሆን ኖሮ» ማለት አምላክን መጠየቅ ነውን?

የእንግሊዝኛ መምህር ሁኔታዊ ዓረፍተ ነገርን ሲያስተምር ሦስት ዓይነት አድርጎ ይከፍለዋል፦ ሊሆን የሚችል፣ ይሆናል ተብሎ የማይጠበቅ፣ ጊዜው ያለፈበት። እንግሊዝኛው ሦስቱንም በ«ኢፍ» ጀምሮ ልዩነቱን በግሡ ጊዜ ይለያል። አማርኛ ደግሞ አርዲቦ ስለተባለው ሐይቅ ሲናገር «ከዘነበ አርዲቦ ይሞላል»፣ «ቢዘንብ አርዲቦ ይሞላ ነበር»፣ «ዘንቦ ቢሆን ኖሮ አርዲቦ በሞላ ነበር» ይላል። ተማሪው ቀመሩን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል። ሦስተኛው ዓይነት የሚያስነሳው ጥያቄ ግን በፈተና አያልቅም፤ አምላክ የፈቀደውንና ያለፈውን ነገር «እንዲህ ባይሆን ኖሮ» ብሎ መመርመር ለአማኝ ይገባዋልን?

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና መስጊዶች በሚጎራበቱበት በሐይቅና አምባሰል አካባቢ ይህ ጥያቄ የሁለቱም ወገን ነው። ለነገ ዕቅድ አንዱ «እግዜር ካለ»፣ ሌላው «ኢንሻ አላህ» ይላል። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 4 እና የቁርኣኑ ሱረቱል ካህፍም ይህንኑ ያስተምራሉ። ወደፊት ለሚሆነው ነገር ሁኔታ ማስቀመጥ እንግዲህ ትሕትና ነው። ወዳለፈው ሲዞር ግን ጥርጣሬ ይነሣል። በሶሒሕ ሙስሊም የተመዘገበ ሐዲስ መከራ የደረሰበት ሰው «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እንዳይል ያስጠነቅቃል፤ እንዲህ ያለው ንግግር ለሸይጧን በር ይከፍታልና። በክርስቲያኑም ዘንድ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የጥያቄ ሁሉ መዝጊያ ሆኖ ያገለግላል።

ሆኖም መጻሕፍቱ ራሳቸው ይህን አነጋገር ይጠቀሙበታል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ክርስቶስ በኮራዚንና በቤተ ሳይዳ የተደረገው ተአምር በጢሮስና በሲዶና ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ሕዝባቸው ንስሐ በገባ ነበር ይላል። ነቢዩ ሙሐመድም በስንብት ሐጃቸው ኋላ ያወቁትን አስቀድመው አውቀው ቢሆን ኖሮ የመሥዋዕት እንስሳ ይዘው ባልመጡ እንደነበር መናገራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ የተነቀፈው ሰዋስዋዊው ቅርጽ ሳይሆን ፍርድን የማማረሩ መንፈስ ነው።

ያለ «ኖሮ» ምክንያትን ማወቅም አይቻልም። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 ባሳተመው ሥራው ምክንያትን ሲተረጉም፣ የፊተኛው ባይኖር ኖሮ የኋለኛው ባልኖረ ነበር እስከማለት ደርሷል። ለምሳሌ ከፍ ብሎ የሚገኘው አርዲቦ ሲሞላ ትርፉ በአንከርካ ወንዝ «ሐይቅ» ወደሚባለው ሌላው ሐይቅ ይወርዳል፤ የዚህ ውሃ ግን በገጸ ምድር መውጫ የለውም። ከላይ ውሃው ለመስኖ ሲጠለፍ ከታች ምን እንደሚጎድል የሚያሰላ ባለሙያ «ባይጠለፍ ኖሮ ስንት ይደርስ ነበር?» ብሎ መነሣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ወደዚሁ ሐይቅ ከተጨመረ በኋላም የውሃው ጥራት መቀነሱን ያዩ ተመራማሪዎች «ዓሣው ባይገባ ኖሮስ?» ብለው ጠይቀዋል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በፈጣሪ ላይ ማመፅ ነው የሚል የለም።

እርግጥ ነው፣ ያልሆነን ነገር የሚመሰክር ማንም የለም፤ ቆሮሶ ያልገባበት ሁለተኛ ሐይቅ አምጥተን አናይም። ይህ ግን ግምቱን ከንቱ አያደርገውም፤ የቀድሞውን ልኬት ከኋለኛው፣ አንዱን ውሃ ከሌላው እያመሳከሩ መዳኘት ይቻላል፤ ዳኛም ጥፋተኛን ሲለይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከባዱ ተቃውሞ የሐዘንተኛው ነው። ልጁን የቀበረ አባት «ቀድሜ ሐኪም ቤት ባደርሰው ኖሮ» እያለ ሌሊቱን ሲያነጋ ቃሉ መርዝ ይሆንበታል። ሐዲሱ የሚከለክለው ይህን ይመስለኛል፤ ክልከላውም ርኅራኄ ነው። ነገር ግን ያው አባት ስለ ሁለተኛው ልጁ ሲያስብ፣ ወይም የጤና ጣቢያ ኃላፊ አምቡላንስ ለምን እንደዘገየ ሲጠየቅ፣ «የአላህ ውሳኔ ነው» ብሎ ማለፍ እምነት አይባልም፤ ከኃላፊነት መሸሽ ነው። ንስሐም ሆነ ተውባ «ባላደርገው ኖሮ» ሳይባል አይጀመርም።

እንግዲህ መለኪያው አንድ ነው። ያለፈው «ኖሮ» ለነገ «ከ» የሚሆን ትምህርት ካስገኘ ይባል፤ ካላስገኘ ይቅር። ሰው በእጁ ያልነበረውን ለፈጣሪ ይተው፤ በእጁ የነበረውን ግን በፈጣሪ አያሳብብ።