ለደከመው መንገደኛ

በሀዋሳ መናኸሪያ በማለዳ የቆምህ እንደ ሆነ፥ ረዳቶቹ «ሻሸመኔ! ዲላ! አዲስ አበባ!» እያሉ ሲጣሩ ትሰማለህ። ሰዉም ሁሉ ዕቃውን ተሸክሞ ወደየመኪናው ይሮጣል። ነገር ግን ልብ ብለህ ብትመለከት፥ በጥግ የተቀመጠ አንድ ሰው ታያለህ፤ ጥሪው ይሰማዋል፥ መነሣት ግን አልቻለም።

አንባቢ ሆይ፥ ያ ሰው አንተ ነህን? እንቅልፍ ከዓይንህ ርቆ፥ እንጀራውም በአፍህ አመድ ሆኖ፥ የልጆችህ ሳቅ እንኳ ደስ ሳያሰኝህ ወራትና ዓመታት አልፈዋልን? ይህን የቆየ ኀዘን ሐኪሞች ድባቴ ይሉታል።

እኔም በዚያ ጥግ ሦስት ዓመት ያህል ተቀምጬ ነበር። ወንድሞች «እምነትህ ጎደለ፥ ኃጢአትህን ተናዘዝ» አሉኝ። ተናዘዝሁ፥ ጾምሁም፤ ጨለማው ግን አልለቀቀኝም። ከጨለማውም ይልቅ የከበደኝ፥ እግዚአብሔር ጥሎኛል የሚለው አሳብ ነበረ።

እንግዲህ ነቢዩን ኤልያስን አስብ። በቀርሜሎስ ተራራ ጸሎቱ እሳትን ያወረደ እርሱ፥ ከዚያ በኋላ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔርም አልገሠጸውም። ይተኛ ዘንድ ተወው፤ በመልአኩም እጅ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ዳግመኛም ተኛ፥ ዳግመኛም አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነበረና። ከዚያም በኋላ 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄደ። የደከመውን ሥጋ መርዳት የእምነት ጉድለት ከሆነ፥ መልአኩ በደለ ማለት ነው።

ዛሬም እግዚአብሔር በሰው እጅ ይረዳል። በአዲስ አበባ በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕሙማን መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። ሰው ግን የስሙን ትርጓሜ፥ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለትን ዘንግቶ፥ ለስድብ አዋለው። አንተ በዚህ ስድብ አትፈር። ወደዚያም ለመሄድ ባትችል፥ በዚሁ በሀዋሳ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም ይገኛል።

መድኃኒት ቢታዘዝልህ በአንድ ቀን አትመዝነው፤ ኃይሉ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃልና። በተሻለህም ጊዜ በገዛ እጅህ አታቋርጠው፤ ብዙውን ጊዜ ከተሻለም በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይወሰዳል። ሻሸመኔ ላይ «ደረስሁ» ብሎ የሚወርድ የአዲስ አበባ መንገደኛ ከመንገድ ይቀራልና። መጠጥና ጫትም ኀዘንን ያበድራሉ እንጂ አይከፍሉም። ባትራብም ጥቂት ብላ፤ ባትወድም በማለዳ ተነሥተህ እስከ ሐይቁ ዳር ሂድ። ሞት የጠራህ እንደ ሆነ ግን ይህችን ሌሊት ብቻህን አትደር፤ ነገሩን ሳትሸፍን ለምታምነው ሰው ንገር፥ ሳትዘገይም ወደ ሐኪም ሂድ።

አንተም ጤነኛ የሆንህ፥ የኢዮብን ወዳጆች አስብ። ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን በደሉት። እኔን አንድ ሽማግሌ ምንም ሳይመክሩኝ የመኪናውን ዋጋ ከፍለው ወደ ሐኪም ወሰዱኝ፤ እስክወጣም በደጅ ጠበቁኝ።

ጥላው ዛሬም አንዳንድ ማለዳ ይመለስብኛል። ነገር ግን መንገዱን አውቄዋለሁ፥ በመንገዱም ብቻዬን አይደለሁም። ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፥ ለኤልያስ እንጎቻን የላከ አምላክ ለአንተም ለአንቺም የሚያነሣ እጅ ይላክ። አሜን።